የተቀበረ የነዳጅ ታንከር ከማውጣትዎ በፊት፦ ሕጉ፣ ቀነ ገደቡና ገንዘቡ በአሜሪካ

ማደያ የሚገዛ ሰው ፓምፑን ያያል። ሱቁን ያያል። በወር ስንት ጋሎን እንደሚሸጥ ይጠይቃል። ከኮንክሪቱ ስር ስለተቀበሩት ታንከሮች ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ትልቁ ዕዳ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ነው።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተቀበረ ታንከር ማውጣት ላለበት ሰው ነው። ማደያ ይኑርዎት፣ ጋራዥ፣ ወይም ግቢው ውስጥ አሮጌ የማሞቂያ ናፍጣ ታንከር ያለበት ቤት። አንድ ነገር ከጅምሩ ልበል። ሰውን ብዙ ጊዜ የሚያከስረው ታንከሩን ማውጣቱ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማዛባቱ ነው። ቁፋሮው ወደ ስቴቱ የጽዳት ፈንድ (ለመፍሰስ ጽዳት የሚከፍል ገንዘብ) ወይም ወደ ኢንሹራንሱ ከሚደረገው የስልክ ጥሪ ከቀደመ፣ እነሱ ሊሸፍኑት ይችሉ የነበረ ወጪ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

ሕጉ ለምን ጥብቅ ሆነ? ቤንዚን ውስጥ ቤንዚን የሚባል ሌላ ኬሚካል አለ፤ በእንግሊዝኛ ስማቸው ይለያያል፣ እኛ ጋ ስለሚመሳሰሉ ኬሚካሉን ቤንዚኒ እያልኩ ልቀጥል። ቤንዚኒ ካንሰር ያመጣል። በፌዴራል መስፈርት የመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቀደው ከአንድ ቢሊዮን እጅ 5 እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በዝገት የተበሳ አንድ ቧንቧ የሚያንጠባጥበው ነዳጅ የሰፈር ጉድጓድ ሊያበላሽ ይችላል። በአገሪቱ እስካሁን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ መፍሰሶች ተረጋግጠው ተመዝግበዋል።

ደረጃ 1፦ ታንከሩ የትኛው ሕግ ስር እንደሚወድቅ ይለዩ

ኮንግረስ በ1984 የተቀበሩ ታንከሮችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። የአካባቢ ጥበቃው ኤጀንሲ፣ ሰዉ ኢፒኤ የሚለው፣ ዝርዝር ደንቡን በ1988 አወጣ። አሮጌ ታንከሮች እንዲሻሻሉ፣ እንዲቀየሩ ወይም እንዲዘጉ እስከ ዲሴምበር 22 ቀን 1998 ጊዜ ተሰጣቸው። በ2005 ደግሞ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ የሚደረግ ምርመራና የሠራተኞች ሥልጠና ተጨመረ። መስፈርቱን ላላሟላ ታንከር ነዳጅ እንዳይራገፍ መከልከልም የመጣው ያኔ ነው። ደንቡ በ2015 እንደገና ተሻሽሏል።

በተግባር ከእርስዎ ጋር የሚገናኘው ግን ኢፒኤ ሳይሆን የስቴትዎ መሥሪያ ቤት ነው። የነባር ሕዝቦች ይዞታ በሆነ መሬት ላይ ብቻ ኢፒኤ ራሱ ያስፈጽማል። ስቴቶች ከፌዴራሉ የጠበቀ ሕግ ማውጣት ይችላሉ፤ ብዙዎቹም አውጥተዋል። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የፌዴራሉ መነሻ ናቸው። የስቴትዎ ቀን ካጠረ የሚሠራው የስቴቱ ነው።

ታንከርዎ በፌዴራሉ ደንብ «የተቀበረ» የሚባለው፣ እሱና የተያያዙት ቧንቧዎች በአንድ ላይ ከሚይዙት መጠን ቢያንስ 10 በመቶው ከመሬት በታች ከሆነ ነው። እንግዲህ ታንከሩ ከላይ ሆኖ ረጅም ቧንቧ ቢቀበርም ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ከደንቡ ውጭ የሆኑም አሉ። ለንግድ ያልሆነ የመኪና ነዳጅ የሚይዝ፣ 1,100 ጋሎንና ከዚያ በታች የሆነ የእርሻ ወይም የመኖሪያ ቤት ታንከር አይገባም። እዚያው ግቢ ለሚነድ ማሞቂያ ናፍጣ የተቀመጠ ታንከር አይገባም። ቤዝመንት ወለል ላይ የተቀመጠም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የቤት ባለቤቶች ይሳሳታሉ። «ፌዴራሉ አይመለከተኝም» ብለው ይተዉታል። ስቴቱ፣ ካውንቲው ወይም የእሳት አደጋ ቢሮው ግን የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል። ነዳጁ ጎረቤት ግቢ ከገባ ደግሞ የታንከሩ ትንሽነት ከተጠያቂነት አያድንም። የቤት ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ ብክለትን አይሸፍንም። ቤት ሊገዙ ከሆነ ግድግዳው አጠገብ ከመሬት የወጣ ቀጭን ቧንቧ ወይም የመሙያ ክዳን ካዩ አያልፉት፤ ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ይሰብስቡ

የምዝገባ ቁጥሩን ይዘው የስቴቱን መዝገብ ይመልከቱ። ብዙ ስቴቶች በኢንተርኔት ያሳያሉ። ታንከሩ መቼ ተቀበረ? ብረት ነው ፋይበርግላስ? ግድግዳው ነጠላ ነው ድርብ? የመፍሰስ መቆጣጠሪያው ውጤት ምን ይላል? ዓመታዊ ክፍያው ተከፍሏል? ከዚህ በፊት የተመዘገበ መፍሰስ አለ? ካለስ ተዘግቷል?

ገና ሊገዙ ከሆነ ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ፌዝ ዋን የሚባለው ጥናት የቦታውን ታሪክ ከመዝገብ፣ ከድሮ ካርታና ከጉብኝት ያጣራል። መሬት አይቆፍርም። ማደያ ለሆነ ቦታ እሱ ብቻ አይበቃም። ፌዝ ቱ ያስፈልጋል፤ አፈርና ውሃ ተቆፍሮ ላብራቶሪ የሚገባበት ነው። ሻጩ «አያስፈልግም፣ ንጹሕ ነው» ካለ ያኔ በተለይ ያሠሩት። ከመግዛትዎ በፊት የነበረውን ብክለት ከእርስዎ ጊዜ የሚለየው ሌላ ማስረጃ የለም። ስምምነቱ ላይም የድሮውን ብክለት ማን እንደሚያጸዳ በጽሑፍ ይግባ፤ ከሽያጩ ገንዘብ የተወሰነው እስኪጣራ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆይ። ቦታው እጅ ከተለወጠ በኋላ አዲሱ ባለቤት በ30 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በፌዴራሉ ሕግ ከኖቬምበር 8 ቀን 1984 በፊት ሥራ ያቆመ ታንከር ባለቤት የሚባለው፣ ሥራ ሲያቆም የታንከሩ ባለቤት የነበረው ሰው ነው። መሬቱ ዛሬ የእርስዎ ቢሆንም ማለት ነው። የስቴቱ ሕግ ግን ባለመሬቱንም ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ታንከር ካገኙ ጠበቃ ሳያማክሩ «የእኔ ነው» ብለው ቅጽ አይፈርሙ።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ከመቆፈርዎ በፊት ይወቁ

ይህን ረዘም አድርጌ ልጽፈው። ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ነው።

ፌዴራሉ በደንቡ ስር የሚወድቅ ታንከር ያለው ሁሉ ለጽዳትና ለተጎጂ ካሣ አቅም እንዳለው እንዲያሳይ ያስገድዳል። ነዳጅ ነጋዴ ከሆኑ ወይም በወር በአማካይ ከ10,000 ጋሎን በላይ የሚያስተናግዱ ከሆነ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለሌሎች 500,000። እስከ 100 ታንከር ላለው የዓመቱ ጠቅላላ 1 ሚሊዮን፣ ከዚያ በላይ ላለው 2 ሚሊዮን። ይህን በኢንሹራንስ፣ በባንክ ዋስትና፣ በራስ ሀብት ወይም በስቴት ፈንድ ማሟላት ይቻላል። ለትንሽ ባለ ማደያ በተግባር ያለው ምርጫ ፈንድ ወይም ኢንሹራንስ ነው።

ፈንዱ ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል። ፔንሲልቬኒያ ባለ ታንከሮች በሚከፍሉት ክፍያ የሚተዳደር የራሱ ፈንድ አለው። ሚኒሶታ ከ1987 ጀምሮ ፔትሮፈንድ የሚባል አለው፤ ጽዳት ካሠሩ በኋላ ከተፈቀደው ወጪ ብዙውን ይመልሳል። የቨርጂኒያው ፈንድ የቤት ማሞቂያ ናፍጣ ታንከሮችንም ያግዛል፤ ይህ በየስቴቱ የሚገኝ አይደለም። በቴክሳስ ደግሞ ከዲሴምበር 22 ቀን 1998 በኋላ ተገኝቶ ለተመዘገበ መፍሰስ የስቴቱ የመክፈያ ፈንድ በሩ ዝግ ነው። እዚያ ያለ ሰው የግል ኢንሹራንስ ካልያዘ ባዶ እጁን ነው።

ወደ ፈንዱ ሲደውሉ እነዚህን ይጠይቁ። ታንከሬ ብቁ ነው? ያልተከፈለ ክፍያ አለብኝ? መጀመሪያ ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው? ጣሪያው ስንት ነው? ሥራ ከመጀመሬ በፊት ወጪውን ማስጸደቅ አለብኝ? ስንት ዋጋ ማቅረቢያ ትፈልጋላችሁ? የኮንትራክተሩ ፈቃድ ምን ዓይነት መሆን አለበት? መልሱን በኢሜይል ይጠይቁ። በቃል የተባለ ነገር ዓመት ሲቆይ ማንም አያስታውሰውም።

ሁለት ነገር አስቀድመው ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ብዙ ፈንዶች የሚከፍሉት ለብክለት ጽዳቱ እንጂ ታንከሩን ለማውጣት አይደለም። የማውጫው ወጪ የእርስዎ ነው ብለው ያስቡ። ሁለተኛ፣ ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚመጣው እርስዎ ከከፈሉ በኋላ ነው። ደረሰኝ ይገባል፣ ይመረመራል፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ያንን ክፍተት በምን እንደሚሞሉ ቀድመው ያስቡ። አንዳንድ ኮንትራክተሮች ክፍያውን በቀጥታ ከፈንዱ ለመቀበል ይስማማሉ፤ ይጠይቁ።

ኢንሹራንስ ከሆነ ደግሞ የመድኑ ዓይነት ወሳኝ ነው። አብዛኞቹ የታንከር መድኖች የሚሸፍኑት ጥያቄው ውሉ ባለበት ጊዜ ሲቀርብ ነው። ውሉ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጠር አንድ ቀን አለ፤ ከዚያ ቀን በፊት የጀመረ መፍሰስ አይሸፈንም። ኩባንያ ሲቀይሩ ያ ቀን ወደፊት እንዳይገፋብዎት አጥብቀው ይያዙት። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በፌዴራሉ ደንብ የ6 ወር የማሳወቂያ ጊዜ ይኖርዎታል፤ ግን መፍሰሱ ውሉ ሳያልቅ የጀመረ መሆን አለበት።

አንድ የማውቀው ሰው የተበላው እዚህ ላይ ነው። ታንከሩን ሊያስወጣ ሲል «ከእንግዲህ ለምን እከፍላለሁ» ብሎ መድኑን አቋረጠ። ታንከሩ ወጣ። የላብራቶሪው ውጤት ኢሜይሉ ውስጥ ሳይከፈት ተኛ። ሲከፍተው 6 ወሩ አልፎ ነበር። አፈሩ ተበክሏል፣ መድን የለም፣ ለመሥሪያ ቤቱም አልተነገረም። በሰላሙ ቀን ዓመታት የከፈለው አረቦን በችግሩ ቀን አልጠቀመውም። ሕጉ ራሱ መድኑን ታንከሩ በአግባቡ እስኪዘጋ፣ ብክለት ከተገኘም ጽዳቱ እስኪያልቅ ድረስ እንዲይዙ ያዝዛል። አያቋርጡ።

የፌዴራሉስ ገንዘብ? በ1986 የተቋቋመ የሚያፈስ ታንከር ፈንድ አለ። ገንዘቡ የሚመጣው ከእያንዳንዱ ጋሎን ከሚሰበሰብ የሳንቲም አንድ አሥረኛ ነው፤ በ1,000 ጋሎን 1 ዶላር። ይህ ግን ለእርስዎ ማመልከቻ የሚሰጥ እርዳታ አይደለም። ባለቤቱ ሲጠፋ፣ አቅም ሲያጣ ወይም እምቢ ሲል፣ ወይም አስቸኳይ አደጋ ሲሆን መንግሥት ራሱ የሚያጸዳበት ነው። አቅም ያለው ባለቤት እምቢ ካለ ወጪውን መልሰው ይጠይቁታል። በ2002 ሕግ የተስፋፋው የተተዉ ቦታዎች እርዳታም ለከተሞችና ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች እንጂ ለግለሰብ ባለንብረት አይሰጥም። ማደያዎ ለዓመታት ተዘግቶ የቆመ ከሆነ ግን የከተማውን የልማት ቢሮ ማነጋገር አይከፋም፤ አንዳንዴ ከተማው ጥናቱን በእርዳታው ያሠራል።

ደረጃ 4፦ ማስታወቂያና ፈቃድ

ታንከሩን በቋሚነት ከመዝጋትዎ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ለስቴቱ መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። የእሳት አደጋ ቢሮውን ፈቃድ ይጠይቁ። ከመቆፈሩ በፊት 811 ተደውሎ የጋዝ፣ የመብራትና የውሃ መስመሮች ምልክት ይደረግባቸው፤ ይህ ነፃ ነው። ኮንትራክተሩ የስቴቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን በመዝገብ ያረጋግጡ። ዋጋ ሲቀበሉ «ብክለት ከተገኘ በቶን ስንት?» የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። ማውጫው ርካሽ ሆኖ አፈሩ ላይ የሚያስከፍል ብዙ ነው።

ታንከሩን ሳይዘጉ ዝም ብሎ ማስቀመጥስ? ለጊዜው መዝጋት ይፈቀዳል። ባዶ የሚባለው ከታች የቀረው ከ1 ኢንች ካልበለጠ ነው። 3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ መተንፈሻው ክፍት ሆኖ ሌላው ቧንቧ ሁሉ ይታሸጋል። መስፈርቱን የማያሟላ ታንከር ከ12 ወር በላይ ከቆየ፣ መሥሪያ ቤቱ ካላራዘመለት በስተቀር በቋሚነት መዘጋት አለበት። «ቆይ እናያለን» እየተባለ የሚያልፉት ዓመታት ዝገቱን ያባብሳሉ እንጂ ወጪውን አይቀንሱም።

ደረጃ 5፦ የማውጫው ቀን

በመጀመሪያ የቀረው ነዳጅና ዝቃጭ ተስቦ ይወጣል። ከዚያ በውስጡ ያለው ተን ይወገዳል። እባክዎ ይህን በቁም ነገር ይያዙት። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ሙሉ ከሆነ ታንከር ይልቅ ባዶ የሚመስለው ይፈነዳል። ስለዚህ በአየር ይነፋል ወይም ድራይ አይስ (በረዶ የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ገብቶ ኦክስጅኑ ይገፋል፤ ከዚያም በመሣሪያ ይለካል። ሳይለካ ብየዳ፣ መቁረጫ፣ ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም። ያልሠለጠነ ሰው ታንከር ውስጥ አይገባም፤ ሕንፃው እንኳ የእርስዎ ይሁን፣ ሠራተኛው እንኳ ወንድምዎ ይሁን።

ታንከሩ ሲወጣ እዚያው ይገኙ። ፎቶ ያንሱ። ዝገት፣ ቀዳዳ፣ የአፈሩ ቀለም፣ ሽታ ይመዝገብ። ናሙናው ብክለት ሊኖርበት ከሚችልበት ቦታ ነው የሚወሰደው። ከታንከሩ ጫፎች ስር፣ ከቧንቧ መጋጠሚያዎች፣ ከፓምፖቹ ስር። ኮንትራክተሩ ንጹሑን ጥግ መርጦ ቢወስድልዎ ውለታ አልዋለልዎትም፤ ኋላ መዝገቡ ይፈርሳል።

ታንከሩ ሕንፃ ስር ከሆነና ማውጣት መሠረቱን የሚያናጋ ከሆነ ባለበት ጸድቶ በአሸዋ፣ በሲሚንቶ ቅልቅል ወይም በሌላ ጠጣር ነገር ሊሞላ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ መፍቀድ አለበት። ናሙናም ያው ይወሰዳል። እኔ ግን ማውጣት ከተቻለ ይውጣ ባይ ነኝ። ባለበት የቀረ ታንከር በሽያጭ ቀን ሁልጊዜ ጥያቄ ያስነሳል።

ኮንትራክተሩን ሳያሰናብቱ ሦስት ወረቀት ይያዙ። ዝቃጩ የት እንደተጣለ፣ ታንከሩ እንደተቆራረጠ የሚገልጽ ማስረጃ፣ እና ናሙናው ለላብራቶሪ የተረከበበት ሰነድ።

ደረጃ 6፦ ብክለት ከተገኘ

እዚህ ሰዓት ይቆጠራል። መፍሰስ ከተጠረጠረ ወይም ከታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ይነገራል። በዚያው ቀን ለፈንዱ ወይም ለመድኑ ይጻፉ፤ አንዱ ለሌላው አያሳውቅልዎትም። ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ ተመርምሮ ይለያል። ከተረጋገጠ የመጀመሪያ እርምጃዎች ሪፖርት በ20 ቀን ይገባል። የቦታው ዝርዝር መግለጫ በ45 ቀን። ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ነዳጅ ካለ በተቻለ መጠን ይወጣል፤ የእሱም ሪፖርት በ45 ቀን ነው። በአቅራቢያ የመጠጥ ጉድጓድ ወይም ቤዝመንት ካለ ያ ይቅደም። ተኑ በወለል ስንጥቅ ወደ ሰው ቤት ይገባል።

ከዚያ የጽዳት ዕቅድ ይመጣል። አፈሩን ቆፍሮ ማንሳት ፈጣን ነው፣ ግን ውድ ነው። ጥልቅ ከሆነ ተኑን በፓምፕ ከአፈር መሳብ፣ ወደ ውሃው አየር መንፋት አለ። ብክለቱ እየቀነሰ ከሆነና የሚጎዳ ሰው ከሌለ ባክቴሪያዎቹ እስኪበሉት በየጊዜው እየለኩ መጠበቅም ይፈቀዳል። ይህ የመጨረሻው ስንፍና ይመስላል፣ ግን አይደለም። መረጃ ካለው ተገቢ መንገድ ነው። አማካሪዎ ሁልጊዜ ትልቁን ሥራ የሚያቀርብ ከሆነ ግን «ለምን ይህ? ሌላው ለምን አልሆነም?» ብለው ይጠይቁት። ፈንዱም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያልተጸደቀውን ሥራ ደግሞ አይከፍልም።

ደረጃ 7፦ ፋይሉን ማስዘጋት

ሥራው ያለቀው ጉድጓዱ ሲሞላ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ እርምጃ አያስፈልግም የሚል ደብዳቤ ሲጽፍልዎ ነው። ባንክ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ገዢም እሱን። ደንቡ የመዝጊያውን መዝገብ ቢያንስ 3 ዓመት ያዙ ይላል። እርስዎ ግን መሬቱ በእጅዎ እስካለ ይያዙት፤ ኮፒውንም ለገዢው ያስረክቡ።

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡት። አንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ቦታው ለመኖሪያ አይዋል፣ የውሃ ጉድጓድ አይቆፈር፣ አስፋልቱ አይነሳ ሊል ይችላል። ይህ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ ያረጋግጡ። ለውሃ መለኪያ የተቆፈሩት ጉድጓዶችም በሥርዓት መታሸግ አለባቸው። ይህ ወጪ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው የክፍያ ጥያቄ ውስጥ ይረሳል። ስለዚህ የፈንዱን ፋይል ከመዝጋትዎ በፊት ጉድጓዶቹ ታሽገው፣ ደረሰኙም ገብቶ እንደሆነ አማካሪዎን ይጠይቁ።